የጋሽ ካሴ መርዶ

ጋሽ ካሴ ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። የቀራቸው መስማት ብቻ ነው።

ይህን የደረስኩበት እኔ ነኝ፤ በስምንት ዓመቴ፣ አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ፣ በእናቴ በውዴ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ። ማንም አልነገረኝም። ለልጅ ማን ምን ይነግራል? ልጅ እያለሁ ግን ጆሮዬ ክፉ ነበር፣ ዓይኔ ደግሞ ከጆሮዬ የባሰ።

ጋሽ ካሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው። አንኮበር ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ሰው ካለ ገና አልተወለደም፤ ከተወለደ ደግሞ አንድ ቀን ቀጥተውታል። ለቅሶ ላይ ዘግይቶ የደረሰ ይቀጣል። ቀብር ላይ የሳቀ ይቀጣል። የእድሩን ድስት ጥላሸቱን ሳያስለቅቅ የመለሰ ይቀጣል፣ «ታጥቧል እኮ» ብሎ የተከራከረማ እጥፍ ይቀጣል። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያላቸው አንድ ጥቁር ኮት፣ አንድ ከዘራና የአገሩ ሞት ሁሉ ነው።

ከሥራቸው ሁሉ ትልቁ መርዶ መንገር ነበር። እኛ አገር ሰው ሩቅ ቦታ ሲሞት ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም። ከተማው በሙሉ ይሰማል፣ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል፣ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ለባለቤቶቹ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ይስቃል። ሽማግሌዎች ቀኑን ይመርጣሉ። ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ይቆማሉ፤ ከፊት ጋሽ ካሴ። አንድ የራሳቸው ሕግም ነበራቸው፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ማታውን ራት መብላት አለበት። «በባዶ ሆድ መርዶ መስማት ሁለት ሬሳ ማውጣት ነው» ይላሉ። ስለዚህ በዋዜማው አንድ ሰበብ ፈጥረው ይመጡና ሰውየውን ቁጭ ብለው ያበሉታል።

ይህን ከየት አወቅሽ ቢባል ከቤታችን ነው። አባቴ አይሱዙ ነጂ ነበር። መኪናው ጣርማ በር ላይ ገደል የገባው ማክሰኞ ነው፤ እኛ የሰማነው ዓርብ። በመሀል እማዬ ወጥ ስትሠራ፣ ስታንጎራጉር፣ «ይሄ ሰውዬ ቀረ፣ ደግሞ የማን ቤት ተጎልቶ ነው» እያለች ስትራገም ሰነበተች። ተስተናጋጁ ሁሉ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ይበላል። ሐሙስ ማታ ጋሽ ካሴ መጡና ሽሮ አዘዙ። «ብቻዬን አልበላም፣ ተቀመጪ ውዴ» አሏት። ሰው ጋብዘው የማያውቁ ሰውዬ ስለነበሩ እማዬ በጣም ተገርማ በላች። በነጋታው ጠዋት በሩን ስትከፍት ነጫጭ ለብሰው ጉም ውስጥ ቆመዋል።

ያኔ አምስት ዓመቴ ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ አባቴ ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም እኛ ቤት በሕይወት ነበር። እማዬ ትሰድበው ነበር፣ ሙት ደግሞ አይሰደብም። የሞተው ዓርብ ጠዋት በሩ ሲከፈት ነው። ሰው የሚሞተው ሲሰማ ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነቱን ለመናገር ይሄ ሐሳብ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ በስምንት ዓመቴ የሞትን ሥርዓት በደንብ የማውቅ ሰው ነበርኩ ማለት ነው። አንድ ቀን የጋሽ ካሴ የእህታቸው ልጅ አዲስዓለም ሆዳቸውን ሊያስመረምር ደብረ ብርሃን ወስዷቸው ተመለሱ። ጋሽ ካሴ ከመኪና ወርደው «ጨጓራ ነው አሉ፣ በርበሬ ተው አሉኝ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም» እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አዲስዓለም ግን ወደኛ ጓዳ ገባ። በእማዬ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ያለ ድምፅ አለቀሰች። «እሳቸው ጋ እንዳይደርስ» አለች። ዘወር ስትል እኔን አየችና ሽንኩርቱ ዓይኗ ገብቶ እንደሆነ ነገረችኝ። ሽንኩርቱን የምልጠው እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ወጥቶ ሲራገፍ አየሁ። ትልልቆቹ ድስቶች ወጡ። አግዳሚዎቹ ወጡ። እነዚህ ነገሮች ሰው ካልሞተ ፀሐይ አይተው አያውቁም። ታዲያ ማነው የሞተው? ለቅሶ የት አለ? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰዉ ሁሉ ለጋሽ ካሴ ደግ መሆኑ ነው። ገብረ ጻድቅ የሚባል፣ ከቅማሉ ሌላ ለማንም ደም ሰጥቶ የማያውቅ ባለሱቅ ነበር። ጋሽ ካሴ በግ ስጥ ቢሉት ያለ ምንም ጭቅጭቅ ሰጠ፤ ያውም ሙክት። እሳቸው ሲመጡ ወሬ ይቋረጣል፣ ሲሄዱ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አዲስ አይደለም፣ ይህን ፊት አውቀዋለሁ። በአባቴ ጊዜ ለእማዬ ያሳዩት ፊት ነው። እንግዲያው ጋሽ ካሴ ሞተዋል። መርዶ ነጋሪው ራሳቸው ስለሆኑ ለሳቸው የሚነግር ሰው ጠፍቶ ነው።

አሁን እንደማውቀው ጨጓራ አልነበረም፤ ዕጢ ነው። ሐኪሙ ለአዲስዓለም፣ ቶሎ አዲስ አበባ ተወስደው ካልተቀደዱ ክረምቱን አያዩትም ብሎታል። ለበሽተኛው ግን «ጨጓራ» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ በሽተኛ በሽታውን የሚሰማው ከጎረቤቱ ዶሮ በኋላ ነው። መታከሚያ የላቸውም። መዋጮ እንዳይደረግላቸው ደግሞ አንድ ዓመት እግራቸው ተሰብሮ እድርተኛው ያመጣላቸውን በከዘራ ያባረሩ ሰው ናቸው። «በሕይወቴ ለኔ ሳህን አይዞርም» ብለዋል፤ ያሉትን ደግሞ ያደርጋሉ።

ስለዚህ እማዬና የአልዩ አምባው ነጋዴ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን አሴሩ። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን የጋሽ ካሴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ በየክረምቱ አህያ ይወስዳል፣ ጭነት ይወስዳል፣ አንዳንዴ ሰውም ይወስዳል። ጋሽ ካሴ «ድልድይ!» እያሉ መጮህ ሲጀምሩ እኔ አልተወለድኩም ነበር። እነእማዬ ቤታቸው ሄደው፣ ለድልድዩ ገንዘብ የምናሰባስብበት ትልቅ የምሳ ግብዣ እናዘጋጅ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይምጣ፣ ሰብሳቢውም እርስዎ ይሁኑ አሏቸው። ከዚያ ለአገሩ ሁሉ እውነቱን በጓሮ በር ነገሩት። ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ ግብዣው የጋሽ ካሴ መታከሚያ መሆኑን የማያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፤ አንዱ ጋሽ ካሴ፣ አንዷ እኔ።

ሰውየው ሥራ አገኙ በቃ። የእማዬን ምግብ ቤት ጽሕፈት ቤት አደረጉት። በከሰል ግድግዳችን ላይ ድልድይ ሣሉ። እማዬ ያንን ግድግዳ ለጥምቀት ኖራ ቀብታው ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። «ሠናይት፣ እግሩ ድንጋይ ይሁን ብረት?» ይሉኛል። ብረት እላለሁ። ድንጋይ ይሥላሉ።

ቀን መቁረጡ ብቻ ሳምንት ፈጀ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ ነው፤ አንዱ ቀን ገበያ ነው፣ አንዱ ቀን ሚካኤል ነው፣ አንዱ ቀን ሰርግ አለ፤ ጥር ነዋ። ጋሽ ካሴ፣ ይህ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚበላበትን ቀን እግዜር ሳይፈጥር ነው ያረፈው አሉ። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ተገኘ። ቀጥሎ ወጥ ቤቱ መጣ። የክርስቲያኑን ሥጋ ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይበላም። ስለዚህ ሁለት በሬ፣ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ምድጃ። አንዱን የክርስቲያን አራጅ በስመ አብ ብሎ ይጥለዋል፣ ሌላውን ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ቢስሚላህ ብለው። የላይኛውን ድስት እማዬ ትመራለች፣ የታችኛውን የጋሽ ዘይኑልአቢዲን ባለቤት እትዬ ሀፊዛ። ጭልፋ እንዳይደባለቅ ጋሽ ካሴ የክርስቲያኑ እጀታ ላይ ቀይ፣ የሙስሊሙ እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር አሳሰሩኝ። «ሃይማኖቱ ሁለት ነው፣ ኪሱ ግን አንድ ነው» ይሉ ነበር።

የኪሱን ነገርማ ተዉት። ጠላቶችን አጠገብ ለአጠገብ እንዲቀመጡ አደረጉ፣ አንዱ ቃል ሲገባ ሌላው በእልህ እንዲጨምር። ሽንኩርቱ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት በቅቤ እንዲቁላላ፣ ምድጃውም ነፋስ በሚመጣበት በኩል እንዲሆን አዘዙ። የበላ ሰው ኪሱ ይዘጋል፤ መጀመሪያ ሽታው፣ ከዚያ ንግግሩ፣ ከዚያ ቃል መግባቱ፣ ከሁሉ በኋላ ምግቡ። እኔ ዛሬ ደብረ ብርሃን ለተፈናቃዮች መርጃ የምሳ ግብዣ እያዘጋጀሁ ነው የምኖረው። ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ሰጥተውኛል፣ የምስክር ወረቀትም አለኝ። የሚሠራው ግን የጋሽ ካሴ የሽንኩርት ሽታ ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጋሽ ካሴ እስካልሰሙ ድረስ አይሞቱም፤ ስለዚህ መስማት የለባቸውም። አባቴን ማዳን ይቻል እንደነበር ካሰብኩበት ቆይቻለሁ፤ እማዬ ያን ዕለት በሩን ባትከፍትስ? ጋሽ ካሴን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ለኔ የሚሆን ነገር ያልኖረበት ቀን የለም፤ አንዴ ስኳር፣ አንዴ ቆሎ፣ አንዴ ምንም ሲያጡ የተጣመመ ሚስማር። ስለዚህ ጠባቂ ሆንኩ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋሽ ካሴ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» ካለ ሳህን እጥላለሁ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሊያማክራቸው ይመጣ ስለነበር እማዬ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አለቀ። ጭኔን እስኪጠቁር ቆነጠጠችኝ። ጋሽ ካሴም ልጅ ባልሆን ይቀጡኝ እንደነበር አስታወቁኝ።

የግብዣው ዋዜማ ረቡዕ ነበር። አመሻሽ ላይ እማዬ የሽሮ ፍትፍት ሠርታ ይዤ እንድከተላት አደረገች። ጋሽ ካሴ ቤት ስንደርስ እትዬ ሀፊዛ ደግሞ ገንፎ ልካለች። «በርበሬ የለበትም፣ ይብሉ» አለች እማዬ። አልበላም አሉ። ለመነቻቸው። «ነገ ረጅም ቀን ነው፣ ለኔ ብለው» አለች፤ በእጇ አጎረሰቻቸው። እኔ የያዝኩት ሳህን ከእጄ አምልጦ ወደቀ፤ ይሄኛው እንኳ የእውነት ነው።

ራት አበሏቸው። ነገ ጠዋት ሊነግሯቸው ነው።

ጎህ ሳይቀድ ጋቢ ተከናንቤ ወጣሁ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ ጉሙ አጥሩን ውጦታል። ጋሽ ካሴ በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ጠበቅኩ። ብዙ አልቆየሁም፣ መጡ። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ከፊት፣ አዲስዓለም፣ እማዬ፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች። ሁሉም ነጭ ጋቢ ተከናንበዋል።

የመጡት በሬ ሊያሳርዱ ነበር። ጋሽ ካሴ እኔ ሳልቆም ቢላዋ አይመዘዝም ብለው ነበርና እሳቸውን ሊወስዱ ነው። ጋቢውም ለብርድ ነው፤ በጥር አንኮበር ውስጥ ጎህ ሲቀድ ጋቢ የማይከናነብ በሬው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ነገሩኝ። ያኔ ግን ብድግ አልኩና ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ እጆቼን ዘረጋሁ።

«አትነግሯቸውም» አልኩ።

«ምኑን ነው የማንነግራቸው?» አለች እማዬ።

«እንደሞቱ። ካልሰሙ አይሞቱም። ሂዱ!»

ከመሀላቸው አንድ ሰው ቢስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ይቺ ልጅ ሕልም አይታ ነው» ቢባል በቃ። ግን ማንም አልሳቀም። እማዬ አፏን ያዘች። አዲስዓለም ጀርባውን ሰጠ። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን መሬት መሬት አዩ። ከኋላዬ በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ካሴ በራሴ ላይ አሻግረው እያንዳንዳቸውን አዩአቸው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሰው በር ሲቆም የኖረ ነው። የመርዶ ፊት ምን እንደሚመስል ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከቤት ውስጥ ሆነው ሲያዩት ግን የመጀመሪያቸው ነበር።

«ግቡ» አሉ።

ገባን። እሳቸው መደብ ላይ ተቀመጡ፣ የቀረነው ቆምን።

«ዘይኑ፣ የማን መርዶ ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም።»

«ጨጓራ ነው ብላችሁኝ ነበር።»

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ለመዋሸት አፋቸውን ከፈቱ፤ ወላሂ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ዕጢውን፣ መቀደዱን፣ ክረምቱን። ጋሽ ካሴ የሌላ ሰው ነገር እንደሚሰማ ዳኛ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ዓይናቸው እንኳ አልተርገበገበም።

«ድልድዩስ?» አሉ ሲጨርሱላቸው።

«ድልድይ የለም፣ ካሴ። ገንዘቡ ላንተ መታከሚያ ነው።»

ይሄን ጊዜ ፊታቸው ወደቀ። ስለ ሞታቸው ያልወደቀ ፊት ስለ ድልድዩ ወደቀ። ብረቱ ይሻላል ብዬ ስከራከራቸው የነበርኩት እኔም በልቤ ድንጋይ ይሁን አልኩ።

«ሰዉ ሁሉ ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«እህ» አሉ። «ለዚህ ነዋ ገብረ ጻድቅ ሙክት የሰጠኝ።» ተነሡና በሩን በከዘራቸው አሳዩ። «ውጡ። ድንኳኑን ንቀሉ። በሬዎቹን ለባለቤቶቹ መልሱ። ለኔ ሳህን አይዞርም ብያለሁ።»

ወንዶቹ ሹልክ ሹልክ ብለው ወጡ። እማዬ አልወጣችም። ባሏ ሲሞት ምን ብላቸው እንደነበር ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ድንኳናችሁን ውሰዱልኝ፣ ንፍሯችሁን ውሰዱልኝ፣ የማንንም አልፈልግም ብላ ነበር።

«እርስዎ ምን አሉኝ?» አለች። «ለቅሶው ያንቺ አይደለም፣ የአገር ነው፤ አገር ያመጣውን የመለሰ ይቀጣል አሉኝ። ቀጡኝም። ባል በሞተብኝ በሦስተኛው ቀን ቀጡኝ፣ ጋሽ ካሴ። እኔ ያን ቀን እርስዎን ለመጥላት ስል ነው ከአልጋ የተነሣሁት። እንግዲህ ድንኳኑ ተተክሏል። የራስዎን ሕግ ካፈረሱ ያፍርሱት።»

እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ፤ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ቢላዋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ምን እናድርግ አሏት።

«እረዱ» አለች እማዬ።

«ባይወጣስ?»

«ካልወጡ ተዝካራቸውን እንበላለና።»

ተረደ። ቅቤው ተንጫጫ፣ የሽንኩርቱ ሽታ በታዘዘው ነፋስ ላይ ወጣ። ከየመንደሩ ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ ከቆላ በበቅሎ፣ ከላይ በእግር፣ ከደብረ ብርሃን በመኪና። ሁለቱም ድንኳን ሞላ። ዳኛው ግን የሉም። መስማታቸው ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ተላለፈ። ከጋሽ ካሴ በስተቀር እዚያ ገንዘብ ለመጠየቅ ድፍረት ያለው አልነበረም። እሳቸው ካልተቀበሉ ደግሞ የተሰበሰበውን ማን ለማን ይሰጠዋል? እማዬ ጭልፋዋን ይዛ ወጡን ሳታማስል ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ብቻ ታያለች።

እኔ በራቸው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ተቀምጫለሁ። ሰምተዋል፤ ስለዚህ ይሞታሉ። አሁን ይሆናል ወይስ ትንሽ ቆይቶ የሚለውን ብቻ ነው ያላወቅኩት። ከውስጥ ፏ ፏ የሚል የውኃ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ኮት ሲራገፍ። በሩ ተከፈተ። ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ላይ ደም አለ።

«ሠናይት፣ ሰማሁ እኮ» አሉኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ሞትኩ?»

እጃቸውን ያዝኩት። ሻካራ ነው፣ ግን ይሞቃል። አገላብጬ አየሁት።

«ገና ነዎት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ያንን ጡሩንባ አቀብይኝ።»

የእድሩ ጡሩንባ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚነፋው። በሁለቱ ድንኳኖች መካከል ቆመው ነፉት። ሰዉ ከልማድ የተነሣ ብድግ ብድግ አለ፤ አንዳንዷ ሴት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች «ማነው? ማን ሞተ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ካሴ። «ተቀመጡ።»

ያን ቀን የሳቀ ማንም አልተቀጣም። አንዳንዱ እየሳቀ ያለቅስ ነበር፤ ገብረ ጻድቅ እንኳ ዓይኑን ሲጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሽ ካሴ ግን ፋታ አልሰጡትም።

«በዚህ እድር ዳኛን የዋሸ ይቀጣል» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ድልድይ፣ ድልድይ እያላችሁ ዓይን ዓይኔን እያያችሁ ዋሻችሁኝ። ለኔ ያመጣችሁትን አምጡ፣ እቀበላለሁ፤ ካልተቀበልኩ ውዴ ትቀጣኛለች። ቅጣታችሁ ደግሞ ድልድዩ ነው። ሁለት ጊዜ ትሰጣላችሁ፤ አንዴ ለኔ፣ አንዴ ለወንዙ። ሁለተኛው ሳይሞላ ወጥ አይወጣም። ሽታው እንዴት ነው?»

ሰጡ እንጂ፣ ምን ያድርጉ። ነፋሱ በዚያ በኩል ነው፣ ጠላቶቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። የራሱ ሙክት ለጨረታ ቀርቦ ገብረ ጻድቅ በእልህ መልሶ ገዛው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነው ምግብ የቀረበው። ቀይ ክር ያለው ጭልፋ ወደ ላይ፣ አረንጓዴው ወደ ታች ሄደ። ጋሽ ካሴ ሐኪም የከለከላቸውን በርበሬ ከሁለቱም ድስት በዓይናቸው ብቻ እየበሉ በመሀል ተንጎራደዱ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዱ። ተቀደዱ። ከስተው ተመለሱ፤ ጠባያቸው ብሶበታል። ድልድዩ በሚቀጥለው በጋ ተሠራ፤ እሳቸው እንደሣሉት ሳይሆን በእንጨትና በሽቦ። የመጀመሪያው ክረምት መደገፊያውን ገንጥሎ ሲወስደው ወንዙን የሚቀጡበት መንገድ በማጣታቸው በጣም ተናደዱ። ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት አዩ መሰላችሁ፤ እኔ አድጌ፣ ተምሬ፣ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ፣ በየበዓሉ ስመለስ ኮታቸው ኪስ እጃቸውን ከትተው ሚስማር የሚሰጡኝ ያህል ኖሩ። «ሞትኩ?» ይሉኛል እጃቸውን ዘርግተው። አገላብጬ አይቼ «ገና ነዎት» እላቸዋለሁ። ሌላ ሰላምታ አልነበረንም።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እማዬ ደወለች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ። ስለ ጎረቤት ላም አወራችኝ። ራት በላሽ ወይ አለችኝ፤ ገና ነኝ አልኳት። ብይ አለች። በኋላ እበላለሁ ስላት፣ አይሆንም፣ ስልኩን ሳትዘጊ ብይ፣ እየሰማሁሽ አለች። እንጀራ አቀረብኩና በላሁ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ገባኝ። የጋሽ ካሴ ተማሪ ነኝ እኮ። እሷም እንደገባኝ ገባት፤ እኔም መብላቴን ቀጠልኩ። ጨርሼ ሳህኑን ሳስቀምጥ ድምፁን ሰማችና «ጎበዝ» ብላ ዘጋችው።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሳሉን አወቅኩት፤ የጋሽ ዘይኑልአቢዲን ነው። ባዶ እግሬን ሄጄ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አደረግኩ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አልኳቸው ከውስጥ።

ውጭው ውርጭ ነው፤ እሳቸውም ከሰማንያ አልፈዋል። ገባቸው።

«እሺ ልጄ፣ እንቆያለን» አሉ።

ከበሩ በዚህኛው ወገን ጋሽ ካሴ በሕይወት ነበሩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ግድግዳ ላይ ድንጋይ እየሣሉ፣ ብረት ይሻላል ስላቸው አልሰማ ብለው። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ እያለቀስኩ አቆየኋቸው፤ የቻልኩትን ያህል አቆየኋቸው። ከዚያ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን እንደገና ሳሉ። ሽማግሌ ብርድ ላይ ያቆመ ይቀጣል።

በሩን ከፈትኩ።